ሳልጠይቅሽ ያነሳሁሽ ፎቶ

እማዬ፣ አሰላሙ ዐለይኪ።

ካጣንሽ ወዲህ ሁለቱም ኢዶች ያለ አንቺ አለፉ። አባባ በየጁምዓው ከሶላት መልስ መቃብርሽ ጋ ሄዶ ዱዓ ያደርጋል፤ የቤቱን ወሬ ሳይነግርሽ እንደማይመለስም አውቃለሁ። የኔን ጉዳይ ግን በሱ አፍ ልልክልሽ አልወደድኩም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔው ልሁን ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

አስቀድሜ ስለ ቤቱ ላውጋሽ። አባባ ሽሮ መሥራት ለመደ። ጨው ያበዛል፤ እኔና ሐያት ዝም ብለን እንበላለን፣ እሱም ዝም ያልንለት መሆኑን ያውቃል። ትንሿ ልጅሽ ሐያት ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። ዝጎ የነበረውን የግቢ በር አስቀየርነው። ከገጠር የሚመጡ የሙሽራ እናቶች እስካሁን «ሒና የምትሠራው አስማ አለች?» እያሉ ያንኳኳሉ። ያልሰሙ ናቸው። የምትነግራቸው ሐያት ናት፤ እኔ አልችልበትም። ይቀመጡና ያለቅሳሉ፣ በታላቂቱ ልጃቸው እጅ ላይ የሣልሽውን ሒና እያነሱ ያወራሉ፣ ውሃ ጠጥተው ይሄዳሉ።

እኔ ከካሜራዬ ጋር ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ሠርግ ላይ የሴቶቹን ክፍል የምታነሳ ሴት ስትፈለግ የሚደወለው ለኔ ነው።

ካሜራ መያዝ እፈልጋለሁ ያልኩሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ሁለት ቀን ዝም አልሽኝ። ካሜራ ባየሽ ቁጥር ጀርባሽን እንደምትሰጪ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርሽኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን አብረን ልብስ ስናሰጣ ነገርሽኝ። ልጃገረድ ሳለሽ፣ በጓደኛሽ ሠርግ ላይ፣ ሻርፕሽ ከራስሽ ወርዶ ስትስቂ አንድ ፎቶ አንሺ ከሩቅ አንስቶሻል። አንቺ አላየሽውም። ፎቶውን አሳድጎ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው፤ ገበያ የወጣ ሁሉ አየሽ። አያቴ የሰሙት ከሰው አፍ ነው። ታጭተሽ ነበርና የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት። «አባትሽን ያገኘሁት በዚያ ሰበብ ነው፤ አላህ ለክፉ አልሰጠኝም» ብለሽ ፈገግ አልሽ። ቀጥለሽ ግን «ፎቶውስ ያምር ነበር አሉ። ያስከፋኝ ማንም አለመጠየቁ ነው» አልሽ። የመጨረሻውን ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አድርገሽ «እሺ፣ ሁኚ። ግን ጠይቂ» አልሽኝ።

ካሜራ ልንገዛ ደሴ የወጣን ዕለት ጭጋግ ነበር። ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ልብስ ተነስተን፣ ሚኒባሷ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ብርድ ገባንና አንድ ፎጣ ለሁለት ተከናነብን። ስለ ካሜራ የማውቀው ስልኬ ላይ ያየሁትን ብቻ ነበር፤ ሜጋፒክስሉ የበዛ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ፒያሳ ካለው ሱቅ ገብተን ከመስታወቱ ውስጥ አዲሱንና ትልቁን ጠቆምኩ። ባለሱቁ ሸምገል ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከነሌንሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እኔ ወዲያው ወደድኩት። አንቺ ግን ጠጋ ብለሽ «ወንድሜ፣ ሙሽራ የምትቀመጥበት ክፍል መጋረጃው የተዘጋ ነው። ፍላሽ ሲበራባቸው ደግሞ ሴቶቹ ይረበሻሉ። ይሄ ያለ ፍላሽ ያሳያል ወይ?» አልሽው።

ሰውየው ካሜራውን ከእጄ ተቀበለ። «እትዬ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ስንት ሜጋፒክስል ነው እያለ ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ ትክክለኛውን ጠየቁ» አለሽና ካሜራውን ፈትቶ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ቦዲው ነው፤ ሌንስ የሚገጠምበት አካሉ። «ይሄ በየጊዜው አዲስ ይወጣል፣ ያረጃል። ብርሃን የሚያስገባው ግን ሌንሱ ነው። ልጅዎ ጥሩ ሌንስ ትያዝ፤ ቦዲውን ስትበረታ ትቀይረዋለች።» ከዚያ ጫፉ የተፋቀ ያገለገለ ቦዲና አጭር ሌንስ አመጣ። ባለ ሃምሳ ሚሊሜትር ስለሆነ ሃምሳ የሚሉት ነው። አያቀርብም አያርቅም፤ መቅረብና መራቅ በእግር ነው። ዓይኑ ግን ሰፊ ሆኖ ስለሚከፈት በደብዛዛ ብርሃን ይሠራል።

አንቺ በቃል አላመንሽውም። ሱቁ ኋላ ያለው ዕቃ ቤት አስገብተሽን በሩን ገርበብ አደረግሽና ሒና ያለበትን እጅሽን ዘረጋሽ። በአዲሱ አነሳሁት፤ ሒናው ጭቃ መሰለ። በአሮጌው ቦዲ በሃምሳው አነሳሁት፤ በጣቶችሽ መሐል ያለው ቀጭኑ መስመር ሁሉ ወጣ። «ይሄኛው» አልሽ። ለመክፈል ከመዞርሽ በፊት ደግሞ ቦዲውን መልሰሽ እጄ ላይ አድርገሽ «ቀኑን ሙሉ ትይዥዋለሽ፤ አይከብድሽም?» አልሽኝ። እኔ የሰው ካሜራ እንዴት ትልቅ እንደሆነ ሳስብ፣ አንቺ የኔን እጅ ታስቢ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዬ ቢስቲማ የተደረገ ሠርግ ነበር፤ አንቺ ሒና ልትሠሪ ስትጠሪ እኔንም ይዘሽኝ ሄድሽ። ክፍሉ ጠባብ ነው። በሃምሳው ሙሽራዋንና እህቶቿን ባንድ ላይ ለማስገባት ጀርባዬን ከግድግዳው አጣብቄ እንኳ አልበቃ አለኝ። ያቃተኝን ትቼ አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። ለዚያ ደግሞ ከእያንዳንዷ ፊት በርከክ ብዬ «ላንሳሽ?» ማለት ነበረብኝ። አንዷ የሙሽራዋ አክስት አይሆንም አለችኝ፤ አለፍኳት። ከሥራሽ ቀና ሳትዪ «ሳታውቅ ያነሳሻት ካለች አሳያት። አጥፊው ካለችሽ አጥፊው» አልሽኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሰሙሽ። ከዚያ በኋላ ነው ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ራሳቸው የጠሩኝ። አክስትየዋም በመጨረሻ መጣች።

እማ፣ እስከዚህ ድረስ አብረን ነበርን። የሚቀጥለውን አንቺ አታውቂውም።

ደሴ የሚሠራ ሰዒድ የሚባል ፎቶ አንሺ ረጅም ሌንሱን ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። ሰባ እስከ ሁለት መቶ ነው፤ ማዶ ያለን ሰው አምጥቶ ፊትሽ ያስቀምጠዋል። «በዚህ ስታነሺ ማንም አያይሽም፤ የሰው ፊት እንደ ተፈጥሮው የሚገኘው ያኔ ነው» አለኝ። ጀማሪ ነኝና ሌንሱ ራሱ ባለሙያ ያደረገኝ መሰለኝ። ደጋን ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ይዤው ሄድኩ። ምሳ ተበልቶ፣ አንቺና ወዳጅሽ እት ዘምዘም ከድንኳኑ ማዶ ዛፍ ሥር ቆማችሁ እጃችሁን ትታጠቡ ነበር። እሷ የሆነ ነገር አለችሽ። ራስሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ሳቅሽ፤ ሻርፕሽ ወረደ። እኔ ከሩቅ ነበርኩ። ተጫንኩት፤ አንዴ ብቻ።

እንዲያ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊት አንስቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አላነሳሁም። ከኋላሽ ያለው ዛፍ ደብዝዞ አረንጓዴ ብርሃን ሆኗል። ፊትሽ ላይ ያለው የውሃ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። ቤት ስንደርስ አሳይሻለሁ አልኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛሽ፤ ነገ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አጥፊው እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። የነገርሽኝን ታሪክ ረስቼው አይደለም። እያወቅኩ ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ታመምሽ። ሐኪሞቹ የቻሉትን ያህል ጣሩ። አልጋሽ አጠገብ ሆኜ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። አንዴ እንቅልፍ ወሰደሽ። ሌላ ጊዜ ውሃ ጠየቅሽኝ፤ አጠጣሁሽና ኩባያውን ልመልስ ተነሳሁ።

ከሰደቃው በኋላ አባባ ፎቶሽን ፈለገ። ሣጥኑን ሁሉ ገለበጠ። የተገኘው የመታወቂያሽ ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተሙ ግማሽ ፊትሽን ሸፍኖታል። ያንን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሳየው እንኳ አልተናገርኩም። እንደ ሌባ ሆንኩ እማ፤ በገዛ ቤቴ።

በቅርቡ ሰዒድ ያንን ሌንስ ሊሸጠው መሆኑን ነገረኝ። ሥራ እየበዛልኝ ስለሆነ ሁለተኛ ሌንስ መያዝ ነበረብኝ። ለጠባብ ክፍል የሚያስፈልገኝ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ መሆኑን ከቢስቲማ ጀምሮ አውቃለሁ። ልቤ ግን ረጅሙን ፈለገ። ራሴን ለማሳመን ያንን ፎቶ ከፍቼ ቁጭ ባልኩበት ሐያት ከትምህርት ቤት መጣች፤ ካሜራውን ቶሎ አጠፋሁት። እሷ ቦርሳዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና «ዘሐራ፣ የእማ ፊት እየጠፋኝ ነው» አለችኝ። «ድምጿ አልጠፋኝም። ፊቷ ግን መታወቂያው ላይ ያለው ሆነብኝ።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። የአስር ሶላት ተሰግዶ አባባ ሲገባ ሁለቱንም አስቀምጬ ሁሉን ተናገርኩ፤ ከዚያ አሳየኋቸው። አባባ ካሜራውን በሁለት እጁ ያዘ። ስክሪኑ ራሱን እስኪያጠፋ ድረስ አየሽ። አበራሁለት፤ አሁንም እስኪጠፋ አየሽ።

«ስታነሺያት አይታሻለች?» አለኝ።

«አላየችኝም።»

«ባየው ደስ ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን በሷ ፋንታ ልፈቅድልሽ አልችልም። ፈቃዱ ከኔ አይጠየቅም፤ ፊቱም የኔ አይደለም።»

ሐያት ካሜራውን ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችሽ። «እማ ብታየው አጥፊው ትል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሳቅሽን አይተሽ ምናልባት ተይው ትዪኝ ነበር፤ ግን አላውቅም። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያልመለሰችልሽን ሴት ፎቶ ምንድን ነው የምታደርጊው?» አለች። ሥራዬን ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ ስሰርዝ አጠገቤ ነበረች።

መግሪብ እስኪደርስ አየነው። ተቀባበልነው። አዛን ሲል ፎቶውን ላይመለስ አጠፋሁት። አባባ «አላህ ይርሐማት» ብሎ ለውዱእ ተነሳ። ሐያት አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ምን አደረግኩ እያልኩ ሰነበትኩ፤ ዛሬም የሚጸጽተኝ ቀን አለ። መልሼ ሳስበው ደግሞ ሌላ ማድረግ እንደማልችል አውቀዋለሁ። ፎቶውን በመሰረዜ አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በዪኝ። ያለፈቃድሽ በማንሳቴ ግን «ከሆነ» የለበትም፤ አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በዪኝ።

ለሰዒድ ሌንሱን አልፈልገውም አልኩት። ክፉ ሌንስ ሆኖ አይደለም፤ ስታዲየምም የዱር ወፍም ለሚያነሳ እንደሱ ያለ የለም። እኔ የምቆመው ግን ሙሽራ አጠገብ ነው። ደሴ ወጥቼ ከዚያው ሱቅ ሃያ አራት የሚሉትን ሰፊ ሌንስ ገዛሁ፤ በጠባብ ክፍል ስድስት እህትማማቾችን ባንድ ላይ ያስገባል። ባለሱቁ «እናትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። ስነግረው ቆመና «ነፍሳቸውን ይማር። በርስዎ ጥያቄ ስንቱን ጀማሪ አስተማርኩ ልላቸው ነበር» አለ። አሁን እኔንም ልጃገረዶች የትኛውን ካሜራ እንግዛ እያሉ ይጠይቁኛል። ሌንሱን ከመምረጣችሁ በፊት ከምታነሱት ሰው ምን ያህል ርቃችሁ እንደምትቆሙ ወስኑ እላቸዋለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አይጠይቁኝም።

እኛ አሁን በየጁምዓው፣ አባባ ከመቃብርሽ ሲመለስ፣ ስለ ፊትሽ አንድ አንድ ነገር እንነጋገራለን፤ ሐያት በደብተሯ ትጽፈዋለች። ከግራ ጆሮሽ ሥር ያለችው የቃጠሎ ጠባሳ ተጽፋለች። ስትደክሚ አንዱ የዓይንሽ ቆብ ከሌላው ቀድሞ መከደኑ ተጽፏል። ባለፈው ጁምዓ ሐያት ቅንድቦችሽ መሐል ስለምትታየው መስመር ጠየቀች፤ ስትቆጪ ነው ወይስ ስታስቢ የምትወጣው ብላ። አባባ ስታስብ ነው አለ። እኔ ስትቆጣ ነው አልኩ። ተከራከርን፤ አንዳችንም አልተሸነፍንም። ሐያት ሁለቱንም ጻፈቻቸው። እንዲህ ነው የምንይዝሽ እማዬ፣ ሦስታችንም በየራሳችን እንዳየንሽ። አንረሳሽም።

ልጅሽ ዘሐራ