አባትሽ ጽጌረዳውን የቆረጠ ለት

እንጅባራ፣ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሜላት፣

እንደምን ሰነበትሽ? አጎትሽ አሳምነውና ቤተሰቡስ ደህና ናቸው? እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደህና ነን። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። እዚህ ኔትወርኩ ካልጮኹ አያሰማም፤ ከጮኹ ደግሞ አባትሽ ይሰማል።

ስለ ሠርግሽ አሁንም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኝም። እጮኛሽ ደረሰ የላካቸው ሽማግሌዎች ዳንግላ አጎትሽ ቤት ሄደው አንቺን ለጋብቻ መጠየቃቸው ከሆዱ አልወጣም። «ወንድምሽ አስጠለላት እንጂ ወለዳት እንዴ?» ይላል። ቅርብ ስለሆነላቸው ነው እንጂ ንቀት አይደለም ብዬ ባስረዳው፣ «ከዳንግላ እንጅባራ ሚኒባስ የለም?» አለኝ።

ጾሙ እንደገባ ደግሞ የባሰ አደረገ። በአጥሩ ጥግ ያለውን፣ ስንት ውርጭ ያልገደለውን ነጭ ጽጌረዳ ታውቂዋለሽ። ለሠርግሽ እቅፍ አበባ ልሠራበት አስቤ ነበር። ከገበያ ስመለስ ከጉልበቴ በታች ተቆርጦ፣ አበባው መሬት ላይ ተዘርሮ አገኘሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ በልጅህ ብትቆጣ አበባው ምን አደረገህ?» አልኩት።

«እሾሁ መንገድ ዘጋ» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

እንደምታውቂው ተከላው የእሱ፣ አበባ ማሰሩ የእኔ ሥራ ነው፤ ስለ ተክል ስለማላውቅ የእሾሁን ነገር አመንኩት። አበባሽን ስላጠፋብኝ ግን ከሰላምታ በቀር ሳላናግረው ሰነበትኩ። ላንቺም አልነገርኩሽም፤ ምን ብዬ?

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ውሃ እየተሸከመ ያጠጣዋል። ብርዱ የጠና ለት ጋቢውን ለጽጌረዳው አልብሶ እሱ ተኮራምቶ አደረ። ጎረቤታችን ይኸነው አይቶ፣ «ጋሽ ገበየሁ፣ ክርስትና ሊያስነሱት ነው?» ቢለው አልሳቀም። «ያኔ የነበረው አበባ ከፋሲካ በፊት ይረግፍ ነበር። ጾሙ ሲገባ ከተቆረጠ ግን ለዳግማይ ትንሣኤ ይፈነዳል» ሲለው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

ሠርግሽ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መሆኑን ለይኸነው አልነገረውም።

አሁን ቅርንጫፉ ሁሉ እንቡጥ ይዟል። ከአስታ፣ ከደጋው ቁጥቋጦ፣ ቅጠል ጋር አድርጌ አስርልሻለሁ። ትናንት ራት ላይ፣ «የአበባውን ባልዲ በሚኒባስ ዳንግላ እንዴት ልታደርሺው ነው?» አለኝ።

«ጭኔ ላይ ይዤ።»

«አንቺ? መንገዱን ሳታጋምሺ ውሃውን ሰው ላይ ትደፊዋለሽ። የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

«እንግዲያ ይኸነውን እለምነዋለሁ።»

እንጀራውን ቆርሶ፣ «ይኸነው አበባ መያዝ የት ያውቃል!» አለ።

ስለዚህ ልጄ፣ ይመጣል አላልኩሽም፤ እሱም አላለም። ደረሰ ግን ከሠርጉ በፊት ሽማግሌዎቹን ይዞ እዚህም ብቅ ይበል። ሲገቡ ጽጌረዳውን እንዳይነኩት ንገሪያቸው። የነገርኩሽም ሁለታችን ዘንድ ይቅር።

ዛሬ የክት ጥቁር ኮቱን አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣው አባትሽ አየኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጎጆሽን ፈጣሪ ያሙቀው፤ ውርጭ አይድረስበት።

እናትሽ ውቢት