የካፒቴኑ ሽጉጥ ሳጥኑ ውስጥ የለም

ደሴዬ፣ የእኔ ጌታ፣

ከተለያየን ወዲህ ጃካራንዳው አብቦ ረግፎ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ሊያብብ ነው። አንተን እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ሰላም መሆኑን አምናለሁ። ሰላም ያጣሁት እኔ ነኝ።

የቤቱን ልንገርህ። እዚህ በሰው አገር፣ ቤሪያ ያለችው ክፍላችን እንደ ጥንቷ ናት፤ ሊፍቱም እንደ ጥንቱ አይሠራም። ሳሮን የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለውላታል፤ ብታያት፣ ስትስቅ አንተን ነው የምትመስለው። ዲፕስሉት ሰፈር ያለውን ስፓዛ፣ ያንን ትንሽ ሱቅህን፣ ታናሽ ወንድምህ ማቴዎስ ይዞታል። ደንበኞቹ እሱንም ባንተ ስም ነው የሚጠሩት፤ እሱም አያርማቸውም። ከሁሉ በላይ የምነግርህ ግን የሽጉጡን ነገር ነው። ትቆጣ ይሆናል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ያንን ሳጥን ይዘህ የገባህበት ቀን ትዝ ይለኛል። የሟች እናታቸውን ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች፣ ከአሮጌ ማንቆርቆሪያ ጋር ደርበህ ገዝተኸው ነበር። ቁልፉ ጠፍቶ ስለነበር ውስጡ ምን እንዳለ አንተም አታውቅም። እኔ የአናጢ ሳጥን መስሎኝ መዶሻ እጠብቅ ነበር። ስትከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። ባሩድ መያዣው፣ የጥይት ማቅለጫው፣ መወልወያው ዘንግ፣ ሁሉም የየራሱ ክፍል አለው። መሃል ላይ ያ ጥቁር ሽጉጥ ተጋድሟል። እኔ ጮኼ በሩን ስዘጋ፣ አንተ ሕፃን እንዳሳቀፉት ሰው ፈገግ ብለህ ቀረህ።

አሮጌ ዕቃ የሚነግዱት ሽማግሌ፣ የቅዳሜ ወዳጅህ፣ ታሪኩን ነገሩህ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንን ሽጉጡን የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነበር አሉህ። የዚህኛው ባለቤት ካፒቴን ነበር፤ ክዳኑ ላይ ያለችው ናስ ማዕረጉና ስሙ ተቀርጾባት ነበር። ነበር የምለው አንተ በየቅዳሜው በጨርቅ እየወለወልክ ስሙን ስላጠፋኸው ነው። ካፒቴን ከሚለው በቀር የሚነበብ አልተረፈም። ሰውዬው ከስንት ጦርነት ተርፎ ባንተ ጨርቅ አለቀ እያልኩ እስቅብህ ነበር። ሽጉጡን ደግሞ ጣውንቴ ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ቅዳሜህን የምትወስድብኝ እሷ ነበረቻ።

ለምን እንደወደድከው ብጠይቅህ ያልከኝ አይረሳኝም። ይኼ ሰው ወደዚህ አገር ሲመጣ ፈርቶ ነበር፣ ስለዚህ የሚተማመንበትን ከኪሱ ገዝቶ መጣ፤ እኔ ስመጣ ግን ፍርሃቴን የማስቀምጥበት ሳጥን እንኳ አልነበረኝም አልከኝ። እሱ ሰው ሊገድል፣ አንተ ዳቦና ስኳር ልትሸጥ፣ ምን አገናኛችሁ ብዬ ተቆጣሁህ። ከት ብለህ ሳቅክ። ያንን ሳቅ አሁን ከየት ላምጣው?

ቶኮዛ ሰፈር ሳለን ሱቃችን የተዘረፈ ጊዜ ጓደኞችህ ሽጉጡን ባንኮኒው ሥር ብታስቀምጠው ለማስፈራሪያ ይሆንሃል ብለውህ ነበር። እምቢ አልክ። የማይተኩስ ሽጉጥ የሚያወጣ ሰው ሌባን ያስቆጣል እንጂ አያስፈራም አልክ። እኔም ልክ ነህ አልኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርክ እላለሁ። ግን ደሴዬ፣ ዲፕስሉት ላይ ዳቦ በምታራግፍበት ጠዋት ዘራፊዎች ሲመጡብህ፣ ያሉህን ሁሉ ሰጥተሃቸው ሁለት እጅህን አንስተህ ቆመህ ነበር አሉ። ታዲያ ለምን ተኮሱብህ?

አስከሬንህ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ አብሬህ አልሄድኩም። የጥገኝነት ወረቀቴን ታውቀዋለህ፤ ሳሮንን ይዤ ከወጣሁ መመለሻ የለንም። እናትህ ቀበሩህ፣ እኔ ግን አፈርህን አላየሁም። እኔ የደረሰኝ ለቅሶ እዚህ ቤሪያ፣ ከሕንፃው ሥር ባለው ግቢ የተለቀሰው ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን ጉድ አመጣብን። እኛ አገር አባወራ ሲሞት ጦሩ፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ ለቅሶ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለህ። ፓስተራችን እንዲህ ያለው ይቅርብን ብለው ነበር። ማቴ ግን ወንድሜ ምንም እንዳልነበረው ሰው በባዶ እጅ አይለቀስለትም ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። ወንዶቹ ስምህን እየጠሩ ሲዘሉ፣ እሱ የካፒቴኑን ሽጉጥ ወደ ሰማይ አንስቶ ከፊት ይሮጥ ነበር። አገር ቤት ቢሆን እንዴት ያለ ለቅሶ ተለቀሰለት ይባልልህ ነበር። እዚህ ግን ከየፎቁ በመስኮት የሚያየን ሰው ያየው ሽጉጥ ይዞ የሚጮህ ወንድ ነው። ማን እንደደወለ አላውቅም፤ ፖሊሶች መሣሪያቸውን ደግነው ግቢውን ሞሉት።

ጣለው እያሉ ጮኹበት። ማቴ አልሰማም፤ ዓይኑ በእንባ ተሸፍኗል፣ አንተን እየተጣራ ነው። አንተ ባዶ እጅህን አንስተህ ሞትክ፣ ወንድምህ ደግሞ ሽጉጥህን እንዳነሳ ሊሞት ነው ብዬ ዘልዬ መሃል ገባሁ። ከአፌ የወጣው ደንበኞችህ ሊያጽናኑኝ ሲመጡ የለመድኩት የዙሉ ቃል ነበር። ኡምዬኒ ዋሚ ኡሾኒሌ፣ ባሌ ሞቶብኛል፣ ባሌ ሞቶብኛል እያልኩ ጮህኩ። አንድ ሽበታም ፖሊስ መሣሪያውን ዝቅ አደረገ። ማቴም ያኔ ገባው፤ ተንበርክኮ ሽጉጡን መሬት ላይ አኖረው። ሽማግሌው ፖሊስ አንስቶ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጥቂት ቆመልህ።

ሽጉጡን ለምርመራ ወስደውት ነበር። ከሳምንታት በኋላ በጣም አሮጌ ስለሆነ ከመሣሪያ አይቆጠርም ብለው መለሱልኝ። ምነው በቀረ! ማቴ ለሱቁ ስጪኝ ብሎ ያዘኝ። ወንድሜ እጁን አንስቶ ምን ተረፈው ይለኛል። አንተ ለጓደኞችህ የሰጠኸውን መልስ ነገርኩት፣ አልሰማም። መቃብር የሌለኝ ሴት ያንተ ብዬ የምይዘው ያንን ብረት ብቻ ነበር። ልደብቀው ብል ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ልስጠው ብል ሁለተኛ ሬሳ መሸኘቴ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጣውንቴን በሳሮን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ለሽማግሌው ወዳጅህ፣ መስታወት ባለው ቁም ሣጥናቸው ቆልፈው እንዲያኖሩልኝ ሰጠኋቸው። ሳጥኑስ የት አለ አሉኝ። ሳጥኑ ከእኔ ጋር ይቀራል ስላቸው ደነገጡ። እነዚህ እኮ አብረው ተሠርተው አብረው የኖሩ ናቸው፣ ከተለያዩ ሁለቱም ዋጋ አይኖራቸውም ብለው ለመኑኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። የገባቸው መሰለኝ፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

ማቴ ሲሰማ ጮኸብኝ፤ እስከዛሬም በቅጡ አያናግረኝም። ይቆጣ፣ ቁጣ አይገድልም። ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ደውሎ ገብቻለሁ ይለኛል። ድምፁ ኩርፊያ ቢሆንም ድምፅ ነው፤ እሱን ሰምቼ ነው እራቴን የምበላው።

ሳጥኑ አልጋችን ሥር ነው። ሲጨንቀኝ እከፍተዋለሁ። ሽጉጡ ስንት ዘመን ተጋድሞበት አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ቅርጹ ቀርቷል። መነጽርህን አስቀመጥኩበት፣ አልሞላውም። የሱቁን አሮጌ ቁልፍ ጨመርኩበት፣ አልሞላውም። ፍራሹም ባንተ በኩል እንደጎደጎደ ነው። ሳሮን እየመጣች እዚያ ትተኛለች፤ እሷም ትንሽ ናት፣ አትሞላውም።

ገበያው ውስጥ ናስ የሚቀርጽ ሰው አለ። ካፒቴን የሚለውን ፍቄ የባልሽን ስም ልጻፍልሽ አለኝ። እምቢ አልኩት። ራሴን አውቃለሁ፤ በየቅዳሜው ስወለውልህ ውዬ፣ አንተ ሰውዬውን እንዳጠፋኸው እኔም አጠፋህ ነበር። ስምህ አፌ ውስጥ ይቀመጥልኝ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አቤት የሚለኝ ባይኖርም፣ ቤት በገባሁ ቁጥር ደሴዬ እያልኩ እጠራሃለሁ።

ያንተው ወይንሸት