ሩቅ ምሥራቅን የተማሩት የአቶ ውባንተ ገብረ ሊባኖስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ውባንተ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ደርበውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ሞላ በላስታ አውራጃ፣ በላሊበላ ከተማ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ በአባታቸው ጉባኤ ቅኔ ከቆጠሩ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በደሴና በአዲስ አበባ ተከታትለዋል። በ1959 ዓ.ም. ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ጃፓን ሄዱ፤ በምሥራቅ እስያ ጥናትም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። መሪጌታም ልጃቸው ምን ተምሮ እንደመጣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የሰው አገር ቅኔ» ይሉ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ተመልሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። በዓመቱ ከወይዘሮ ጥሩነሽ አራጋው ጋር ትዳር መሥርተው ምስጋኑንና አሰለችን ወለዱ። እንጀራ የሆናቸው ትምህርት ግን በ1970 ዓ.ም. መዘዝ አመጣባቸው። ቤታቸው ሲፈተሽ በቻይና ፊደል የተጻፉ መጻሕፍት ተገኙና የፀረ አብዮት ጽሑፍ ናቸው ተባሉ። ስለ ዝናብና ስለ ስደት የተገጠሙ የጥንት ግጥሞች መሆናቸውን ቢያስረዱም የሚያምናቸው ጠፋ፤ ሦስት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ ወደ ሥራቸው የሚመልሳቸው ስላልነበረ ላሊበላ ገብተው እንግሊዝኛ ያስተምሩ ጀመር። ስለ ጃፓን ማውራቱንም ተዉት።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወገናችንን ሲፈጀው፣ ኮን ከተማ አጠገብ በተተከለው የእርዳታ ጣቢያ ጃፓናውያን ሐኪሞች ስለመጡ እንዲያስተረጉሙ ተጠሩ። አንድ ቀን ከሐኪሞቹ አንዱ፣ ወይዘሮ ኡሙሀኒ የተባሉ እናት የታቀፉትን ሕፃን መርምረው እንደማይተርፍ ተናገሩ። አቶ ውባንተ ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ አቃታቸው። እናትየዋ ግን ፊታቸውን አይተው፣ «ያሉትን አውቄዋለሁ፤ ብቻ ጥለውኝ አይሂዱ» አሏቸው። ሕፃኑ እስኪያርፍ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ለእረፍት ቤታቸው ሲመጡ፣ «ጥሩዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ኖሯል?» አሉ። ባለቤታቸው እንዲቀሩ ለመኗቸው። እሳቸው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመኖሩ ተመልሰው ሄዱ፤ ጣቢያው እስኪዘጋም ከዚያ አልተለዩም። በኋላ አዲስ አበባ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ቢጠሯቸው፣ ደክሞኛል ብለው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ደሴ ድረስ ሄደው ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ በነአኩቶ ለአብ ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አረጋዊት እናታቸውን ትተውልናል።

ብዙ ለደከመች ነፍሳቸው እግዚአብሔር ማረፊያ ይስጥልን። ልጃቸውን ለሚቀብሩት ለእናታችን ለወይዘሮ ስሜነሽ ጽናቱን አይንሳቸው። አሜን።