ገበሩ ውስጥ የተደበቀው ትከሻ

አጋታዬ፣

ዛሬ ያየሁትን ካልነገርኩሽ አላድርም። መምህራችን እትዬ ኤርሲሊያ የአምስት መቶ ዓመት ሰደርያ ሊጠግኑ ገበሩን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አጠገቡ እኔ እሱን አስመስዬ፣ ሳምንት ሙሉ በእጄ የሰፋሁት ነበር፤ ኮርቼበታለሁ።

«እስቲ የአሮጌውን ሁለቱንም ትከሻ ዳብሺው» አሉኝ።

ዳበስኩት። በግራው በኩል የታጨቀው ጥጥ እጥፍ ነው! ለካ ባለቤቱ አንድ ትከሻው የወደቀ ሰው ኖሯል። ሰፊው ለማንም ሳይናገር በጥጥ ደግፎ፣ ቀጥ አድርጎ ከሰው ፊት አቁሞታል። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አላወቀበትም። እንባዬ መጣ፣ አጋታ።

የእኔን አየሁት፤ ሁለቱም ትከሻ እኩል ነው።

«አንቺ የሰፋሽው ለማንጠልጠያ ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው ሳቁብኝ።

መቀስ አንስቼ የራሴን ስፌት ሁሉ ተረተርኩት። አልቆጨኝም። እኛማ እዚያ ካታኒያ ልብስ ስፌት ሱቃችን ውስጥ «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ!» እያልን ደንበኛውን አይደል የምንቆጣው?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የእህትሽን የሰርግ ቀሚስ ሳልመጣ እንዳትቆርጪው፤ መጀመሪያ ፊቴ ትቁምና በደንብ ልያት።

ናፋቂሽ ኒቬስ
ፍሎረንስ