እንዲለጠፍ የመከርኩት ወረቀት

ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር እና ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኮሚቴው ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ቤት ጸሐፊዋ ላይ የቀረበው ክስ ወደ ትክክለኛዋ ጥፋተኛ፣ ማለትም ወደ እኔ፣ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ደኅንነት ክበብ ሰብሳቢ ስሆን፣ ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። እናቴ «እኔ ብጽፍልሽ ያምራል» ብላኝ ነበር። የእሷ ረቂቅ ግን «ልጄ ገና ልጅ ናት» ብሎ ስለሚጀምር ትቼዋለሁ።

1. የመዝገብ ቤት ጸሐፊዋን ተማሪዎች «እትዬ ማህተም» እንላቸዋለን። ማህተሙን ወረቀት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት፣ መስታወት እንደሚወለውል ሰው «ሃህ» ብለው ስለሚተነፍሱበት ነው። በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ክሱ ውስጥ የለም፤ መናዘዝ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ነው።

2. ባለፈው ወር ክበባችን ለተማሪዎችና ለቢሮ ሠራተኞች በአንድነት ሥልጠና ሰጠ። ክቡር ርዕሰ መምህር፣ እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው «እንደ እኔ የመጀመሪያ ልጃችሁን ስምና የተወለደበትን ዓመት ፓስዎርድ እንዳታደርጉ» ሲሉ ሁለት መቶ ሰው ፊት መከሩን። ምክሩ ግሩም ነበር፤ በማግስቱ እንደቀየሩት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም በተራዬ፣ ፓስዎርድ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ብዛቱ አሥራ ስድስት የሚሞላ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀየር መሆን አለበት ብዬ አወጅኩ። አወጅኩ ማለቴ ትክክለኛው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ታላላቆች ደብተር አውጥተው የእኔን ቃል ሲጽፉ ማየት እንዴት እንደሚጣፍጥ ያልቀመሰው አያውቀውም።

3. ከሥልጠናው በኋላ እትዬ ማህተም መዝገብ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እኔ የሰው ስም እንጂ ቁጥር አይያዘኝም። የራሴን ስልክ ቁጥር እንኳ ሰው ጠይቄ ነው የምናገረው። ይሄን ጉድ እንዴት አድርጌ ልያዘው?» አሉኝ። ሁለት ጓደኞቼ አብረውኝ ነበሩ። እነሱን በዓይኔ ጠቀስ አድርጌ «ምን ችግር አለው እትዬ! በትልቁ ይጻፉትና ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፉት» አልኳቸው። ጓደኞቼ ሳቃቸውን ዋጡ። እሳቸው ግን «ተባረኪ! እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እያለ እኔ ስጨነቅ» ብለው ገቡ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ገና ነው፤ አፌ ግን ያን ቀን አመለጠ። እኔ የተናገርኩት ቀልድ ነው፤ እሳቸው የሰሙት የአሠልጣኛቸውን መመሪያ ነው።

4. ለደኅንነት ሳምንቱ ፖስተር ፎቶ ላነሳቸው መዝገብ ቤት ስገባ ወረቀቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ እንዳይነቀል አራቱም ማዕዘን በፕላስተር ተጣብቆ። እሳቸው ኮሌታቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉልኝ። ፎቶውን ከመልቀቄ በፊት በስልኬ አጉልቼ አየሁት። ፓስዎርዱ አንድ በአንድ ይነበባል። ኮሚቴው ቀጣዩን ቃል ሁለት ጊዜ እንዲያነበው እለምናለሁ፦ አይቼዋለሁ። ቆርጦ ማውጣት አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ሳቅኩ። ከላዩ «ምስጢራችንን እንጠብቅ» ብዬ ጽፌ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ተማሪ ባለበት ግሩፕ ላይ በክበቡ ስም ለቀቅኩት። አንድ ሰው አይቶ እንዲስቅ ነበር የፈለግኩት።

5. አንድ ሰው አየ። አልሳቀም፤ በፓስዎርዱ ገባ። ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአሥራ ሁለት ተማሪዎች የግል ፋይል በግሩፑ ላይ ተበተነ። ከእነዚያ አንዱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠችው ጓደኛዬ የሐኪም ደብዳቤ ነው። ምን እንደሚል እዚህ አልጽፍም፤ አንዴ መውጣቱ ይበቃዋል። ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ አሁን ገብቶኛል። ━━━━━━━━━━━━━━━━━━━━ እነሆ ትምህርት ቤት ካልመጣች ስምንት ቀኗ ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ቦርሳዬን እሷ ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ።

6. እትዬ ማህተም «የመሥሪያ ቤት ምስጢር በግድየለሽነት አጋልጠዋል» ተብለው ከሥራ ታግደዋል፤ ስንብታቸው ነገ ይወሰናል ይባላል። ኮሚቴው «ይለጥፉት ያለዎት ማን ነው? ፎቶውንስ ማን አነሳዎት?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አንዷ ልጅ ናት፤ ልጆች ሁሉ አንድ ይመስሉኛል» ብለው እንደመለሱ ሰምቻለሁ። ክቡራን ሆይ፣ እኚህ ሴት የአንድ ሺህ አራት መቶ ተማሪ ስም ከነአያቱ በቃላቸው ይጠራሉ። እኔን ረስተውኝ አይደለም። እኔም በበኩሌ እዚያው ኮሚቴ ፊት ስጠየቅ «አላስታውስም» ብያለሁ። እሳቸው እኔን ለማዳን ዋሹ፤ እኔም እኔን ለማዳን ዋሸሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው፦

ሀ) እትዬ ማህተም ወደ ወንበራቸው እንዲመለሱ፣ ክሱም ከማኅደራቸው እንዲወጣ እንዲወስንልኝ፤

ለ) ሰብሳቢነቱን አንስቶ የሚገባኝን ቅጣት እንዲሰጠኝ፤ እናቴ ለማማለድ ብትመጣ ወንበር ይሰጣት እንጂ አትሰማ፤

ሐ) ክበቡ ከእንግዲህ ወጣቶችን ሲያሠለጥን ስለ ፊደልና ቁጥር ከማውራቱ በፊት፣ የሰውን ፎቶም ሆነ ጉዳይ ከማውጣት በፊት ባለቤቱን መጠየቅን እንዲያስተምር፣ «እንዴት ልያዘው?» ብሎ በሚጠይቅ ሰው ላይ የማይስቅ አሠልጣኝም እንዲመደብለት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ማመልከቻ የዴስክ ጓደኛዬን ጉዳይ ስለሚያነሳ፣ ከማስገባቴ በፊት ትናንት ቤቷ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። በር ላይ እንደቆመች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብላ አንቀጽ 5 ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። «ይቺ አትሄድም። ሌላው ይሂድ» አለችኝ። በሩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ «ቦርሳሽን ገና እንዳታነሺው» አለች።

ስለሆነም ስርዙ የጽሑፍ ስህተት አይደለም። ከሥሩ ምን እንደነበረ ብጠየቅ በዚህኛው ጊዜ «አላስታውስም» አልልም። አስታውሳለሁ፤ ግን አልናገርም።

አንገቱን ከደፋ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የኢንተርኔት ደኅንነት ክበብ ሰብሳቢ፣ እስከ ነገ ድረስ