የወጌሻው ልጅ የአናቶሚ ፈተና

ለውድ አባቴ ለአቶ አምኃ፣

አባዬ፣ እንዴት ከረሙ? ውርጩስ እንዴት አደረጋችሁ? የጥር ብርድ መሐል ሜዳን እንደማይምር ስለማውቅ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ሲያጎነብሱ ይይዝዎታል? የእማዬ ሳል ለቀቃት? ወንድሜ ኪዱስ ትምህርቱን ይዟል ወይስ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሜዳ ነው? ላሟ ወለደች? ሁሉንም አንድ በአንድ ይጻፉልኝ፤ በስልክ «ሁሉም ደህና ነው» ብለው ሲዘጉብኝ አልጠግብም። እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። አክስቴ ጀማነሽም ደህና ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቂርቆስን ተሳልማ ትመለስና ቁርስ አብልታ ትሸኘኛለች። ሰሞኑን ግን ከደስታ ብዛት ቁርሱም አልወርድ ብሎኛል።

አባዬ፣ አናቶሚን አለፍኩ! ማለፍ ብቻ አይደለም፤ በተግባር ፈተናው ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ካዛንቺስ ካለው ኮሌጃችን እስከ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ የምችል አልመሰለኝም።

አናቶሚ ማለት የሰው ሰውነት ከምን ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው አጥንት ከየትኛው እንደሚጋጠም፣ የትኛው ጡንቻ ምኑን እንደሚጎትት የሚያስተምር ነው። እኛ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች እሱን ሳናልፍ ወደ ሌላው አንሄድም። ስመጣ «ለመሮጥ ኮሌጅ ምን ያደርጋል፣ ሜዳው እዚሁ አለ» ብለው እንደቀለዱብኝ አልረሳሁም። እዚህ የምንማረው መሮጥን አይደለም፤ ሰው ሲሮጥ ከቆዳው ሥር ምን እንደሚሆን ነው።

አሁን ካለፍኩ ዘንዳ አንድ ነገር ልናዘዝ። ኅዳር ላይ ደውለው «ፈተና እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» ያልኩዎት ውሸቴን ነበር። ከአርባ አሥራ አንድ ነበር ያመጣሁት። ስሞቹ ገደሉኝ አባዬ! ሁለት መቶ ስድስት አጥንት፣ ከዚያ በላይ ጡንቻ፣ ሁሉም በፈረንጅ አፍ። አንገት ላይ ያለው አንዱ ጡንቻ ብቻ ስተርኖክላይዶማስቶይድ ይባላል፤ ጠርቼው ሳልጨርስ ትንፋሼ ያልቃል። እየጮኽኩ ስሸመድድ አድሬ ጠዋት ባዶ እሆናለሁ። አክስቴ ጀማነሽ በር ላይ ቆማ ሰምታኝ «ይህቺን ልጅ ምን ነካብኝ?» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ነበር።

መምህራችን መብርሃቶም ይባላሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወረቀቴን ሲመልሱልኝ አልተቆጡኝም። «ቃሉን ትተሽ ሥጋውን ያዢ። ነክተሽ እወቂው፣ ስሙ ራሱ ይመጣል» ብቻ አሉኝ። ያን ጊዜ ማን ትዝ እንዳለኝ አልነግርዎትም፤ ያውቁታል። ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡልዎት፣ ዘመዱ ሁሉ ሲንጫጫ፣ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን ያሳርፉና «ዝም በሉ፣ እየሰማሁ ነው» ይሉ ነበር። እኔም እንደዚያ ለማድረግ ወሰንኩ።

አብራኝ የምትማር ሉሊ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ አክሱም ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ናት። እሷና እኔ ማልደን መስቀል አደባባይ እንወርዳለን። ገና ሳይነጋ ሯጩ፣ ወፍራሙ፣ ሽማግሌው ደረጃውን ሞልቶት ይጠብቀናል። ሌላው ሰው ላብ ሊያወጣ ይሮጣል፤ እኛ አንድ ደረጃ ወጥተን እንቆምና ጭናችንን፣ ቋንጃችንን፣ ባታችንን እየያዝን «የቱ ነው የጠነከረው? የቱ ነው የላላው?» እንባባላለን። ሰው እብድ ሳይለን አልቀረም። አባዬ፣ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው! ደረጃ ስወጣ እግሬን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ የሚነሳው ከወገቤ ውስጥ፣ ከአከርካሪው ላይ መሆኑን ያውቁ ነበር? የገና ዕለት አክስቴ ከሥጋ ቤት ያመጣችውን ጭቅና ስትከትፍ «እትዬ፣ ይሄ እኮ በእኛም አለ፣ ደረጃ የሚያስወጣን እሱ ነው» ብዬ ወገቧን ብይዛት «አንቺ ልጅ፣ በቁሜ ልትበልቺኝ ነው እንዴ?» ብላ በማንኪያ መታችኝ።

ብቻ አንዴ ከገባኝ በኋላ ዓይኔን የሚያሳርፈው ጠፋ። ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ቦሌ! ቦሌ!» የሚለውን ረዳት ሳይ የትከሻውን ጡንቻ ሦስት ቦታ ከፍዬ እቆጥራለሁ። ባምቢስ የሚባለው ሰፈር ከባድ ፌስታል ይዛ የምትሄድ ሴት ሳይ ክንዷ እንዴት ከገላዋ ሳይነቀል እንደሚኖር እገረማለሁ። ክንድን ከደረት ጋር በአጥንት የሚያያይዘው ያቺ ቀጭን፣ ሰው ሁሉ ሲወድቅ የሚሰብራት የአንገት ሥር አጥንት ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ሥጋና ጅማት ነው። እርስዎ ያቺን አጥንት ስንቴ አቃንተዋል! ስሟ ክላቪክል ነው። የጉልበት ሎሚ ፓቴላ ትባላለች። ቅልጥም ቲቢያ ነው። እርስዎ በጣትዎ የሚያውቁትን ሁሉ እኔ አሁን በስሙ እየጠራሁት ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ከዚያ በፊት ግን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎ። ታኅሣሥ ላይ በክፍል ስለ ስብራት ስንማር ሓዱሽ የሚባል ልጅ «ወጌሻ ቤት ከመታሸት ጋራዥ መግባት ይሻላል» ብሎ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ አባዬ። አፌን ይዤ ከሁሉም ጋር ሳቅኩ። አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ «ገበሬ ነው» እላለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ ግን እውነትም አይደለም። ያን ቀን ቤት ገብቼ አክስቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። አንዱ ተማሪ ይቆማል፣ ሌላው ዓይኑን በሻሽ ይታሰራል። መምህሩ የአጥንቱን ወይም የጡንቻውን ስም ይጠራሉ፣ የታሰረው በጣቱ ፈልጎ ያሳያል። ሃያ ጥያቄ ነው። ለእኔ ሉሊ ደረሰችኝ። ዓይኔ ታሰረ፤ ሉሊ ደግሞ ሲኮረኩሯት መቆም ስለማትችል ገና ሳልነካት ትስቃለች። መምህሩ «ስካፑላ» ሲሉ ጣቴ ብራና ላይ እንደሚሄድ ዓይን ትከሻዋ ላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም፤ የሳቸውን ድምፅና የጣቴን ጫፍ ብቻ። የክርን ጉጥ፣ የጎድን የመጨረሻዋ፣ የቁርጭምጭሚት የውጩ አጥንት፣ አንድ በአንድ። አሥራ ዘጠኙን መለስኩ። የሳትኩት የእጅ አንጓ ላይ ያለችውን አተር የምታክል አጥንት ነው፤ አሁንም ትቆጨኛለች።

ሻሹ ተፈታ። መምህር መብርሃቶም መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ በሁለት ወር የተማርሽው አይደለም። ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ሓዱሽ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል።  ከዚያ በቃ አልኩና «አባቴ። አባቴ ወጌሻ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። መምህሩ ፈገግ አሉ። «እኔንም እኮ ኳስ ሜዳ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ወጌሻ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ቡድን ሳክም ስሜን የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም፤ ወጌሻ ይግባ ነበር የሚሉት» አሉ። ያኔ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ይህኛው ግን ሌላ ሳቅ ነበር። ስንወጣ ሓዱሽ ተከትሎኝ መጥቶ «ሩሐማ፣ ሙች ይቅርታ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ወለም ያለውን እግሩን እንድዳስስለት ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ!

አባዬ፣ እስከዚህ ያለውን እንደ ልማድዎ ለቤቱ ጮክ ብለው እያነበቡ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። ቀጥሎ ያለውን ለብቻዎ እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ። የቤቱ ሰላምታ ከታች አለ።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ላሟ ጠይቄ ዘጋሁ። ሓዱሽ የቀለደ ዕለት መምህሩ ያሳዩን የአንድ ልጅ እጅ ፎቶ ነበር። ተሰብሮ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ፣ ጣቶቹ የጠቆሩ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ለእኔ የታየችኝ ቡዜ ናት።

የጋሽ ገብረክርስቶስ ልጅ ቡዜ ከካቡ ላይ ወድቃ ክርኗ ተሰብሮ ወደ እርስዎ የመጣች ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አስረው ሸኟት። በሦስተኛው ቀን ታለቅስ ነበር፤ ሁሉም «ስብራት ነው፣ ያማል» አሏት። በአምስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ሁለት ጣቷን አጥታ ተመለሰች። እርስዎ ያን ሳምንት እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሟ ተነስቶ አያውቅም።

አባዬ፣ አሁን ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አጥንቱን በትክክል ገጥመውታል። ሲያስሩትም አልጠበቀም። ግን ስብራት በማግስቱ ያብጣል፣ ማሰሪያው አብሮ አይሰፋም። በክርን በኩል ወደ እጅ የሚወርድ ደም ቅዳ አለ፤ እሱ ሲታነቅ ጣት ምግብ ያጣል። ይህን ያኔ ማንም አልነገረዎትም። ሐኪሞቹም ጋሽ ገብረክርስቶስን ተቆጧቸው እንጂ ለእርስዎ የላኩት ቃል የለም። እኔ ልከስዎ አይደለም የምጽፈው፤ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋና እኔ ስላወቅኩ ነው።

ከደብዳቤው ጋር በእጄ የሣልኩት የክንድ ሥዕል አለ፤ ደም ቅዳው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ካሰሩ በኋላ በአውራ ጣቱ በኩል አንጓው ላይ ሁለት ጣትዎን ያሳርፉ፤ ትርታው መሰማት አለበት። የጣት ጫፍ ሁልጊዜ ከማሰሪያው ውጭ ይታይ። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት የነጣው ወዲያው ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙ እንደመቀነስ እየባሰ ከሄደ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ይፍቱትና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይላኩት። የሕፃን ክርን ግን፣ ቆዳ ቀዶ የወጣ አጥንትም፣ እባክዎ ከመጀመሪያው አይንኩት። እንዳይወዛወዝ ብቻ ደግፈው ይላኩት። ወለምታው፣ የጠነከረው ጅማት፣ የተያዘው ማጅራት የእርስዎ ነው፤ እሱን ማንም አይነጥቅዎትም።

ስለ ቡዜ ለመምህር መብርሃቶም ነገርኳቸው። «የአባትሽን ጣት አከብራለሁ፣ ማሰሪያውን ግን እፈራለሁ» አሉኝ። ከዚያም ከፋሲካ በኋላ እንዲመጡልን ጠየቁ። እርስዎ ለተማሪዎቹ ዓይን ጨፍኖ መዳሰስን ያሳያሉ፣ እሳቸው ደግሞ የራጅ ፎቶዎቹንና ሙሉውን አጽም ያሳዩዎታል፤ ስለ ማሰሪያው ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ። አባዬ፣ ያን አጽም ሲያዩ አጠገብዎ መቆም እፈልጋለሁ። ላምበረት መናኸሪያ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ ቅር ያሰኝዎት ይሆናል። ተቆጥተውም ቢሆን ይምጡ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ የላከችው ቆሎ ክፍሉን በሙሉ አዳርሷል። ኪዱ ከኳስ በፊት ሰውነቱን ያሙቅ፣ አለዚያ ቋንጃው ሲበጠስ እኔ የለሁበትም። እትዬ ጀማነሽ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች፤ ለእርስዎ ለብቻ ደግሞ «ወንድሜ እንደኔ ጫማ ያድርግ፣ በብርድ በባዶ እግሩ ደጅ አይውጣ» በይልኝ ብላለች። ሉሊ ሳታውቃችሁ ትወዳችኋለች። ይህን ወረቀት ያደረሰላችሁ የጎረቤታችን ልጅ ፍሬአብ እዚያ ጤና ጣቢያ በነርስነት ተመድቦ ነው የመጣው፤ ለከተማው እንግዳ ነውና ቤት አስገብታችሁ አብሉት፣ ሌሊት የሚሞቅ የሱፍ ባናም አልብሱት።

ልጅዎ ሩሐማ አምኃ
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.