በቀይ ሥር የቀላው ነጭ ወይን

ጥር 6
ከባድ ዜና። ልቤ ሆይ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚ... የወይንና የጠንካራ መጠጥ ትምህርት ጀመርኩ፤ መዋጥ ግን ክልክል ነው! ቀምሶ ባልዲ ውስጥ እንትፍ። እናቴ ስትሰማ «እግዜር ይስጣቸው» አለች። ኀዘንተኛ እንዲህ ይጽናናል?

ከምግብ ቤታችን የተላክነው ሁለት አስተናጋጆች ነን፤ እኔና ያገኙትን ሁሉ የሚያነቡት ጋሼ መዝገበ ቃላት። የትምህርቱን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና ያለፈ፣ ጥቁር ሽርጥ ታጥቆ ወይን ይቀዳል። ፈተናውን የወደቀ ግን ሳህን መሸከሙን ይቀጥላል። ጋሼ ሃያ ዓመት ተሸክመዋል።

ጥር 11
ከጋሼ ጋር ተስማማን። መጽሐፉ ወፍራም፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል የሸሸሁ። እሳቸው ያነቡልኛል፣ እኔ አሸትላቸዋለሁ። አፍንጫዬ አዳኝ ውሻ ነው፤ ራሴን ማመስገን ካልሆነብኝ።

ጥር 19
ሠራሁላቸው! ነጭ ወይን ላይ አንድ ማንኪያ የቀይ ሥር ውሃ ጠብ አድርጌ ሠራተኛው ሁሉ ፊት አቀረብኩ። ጋሼ ብርጭቆውን አዞሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀይ ወይን። የበሰለ እንጆሪ። ድድ ያደርቃል።»

ድድ ያደርቃል! ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳህን አጣቢዋ ወንበር ይዛ ወደቀች።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወጡ።

ጥር 20
«ጋሼ፣ ቀልድ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አፍንጫዬ ድሮም ሰነፍ ነው። ማንም አያውቅብኝም ነበር። አሁን ሳህን አጣቢዋም አወቀች።»

«እና?»

«ፈተናው ይቅርብኝ። ሳህን ለምጃለሁ።»

እሳቸው ከቀሩ ማን ያነብልኛል?... ዋሸሁ። የከነከነኝ እሱ አይደለም።

ጥር 22
የሎሚ ልጣጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅቤ፣ እንደ ተበላሸ ወይን የሚሸት እርጥብ ካርቶን... በየስኒው አድርጌ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ቤታቸው ሄድኩ።

«ዓይን ይጨፈን፣ ጋሼ። አፍንጫም እንደ ልጅ ነው፤ ካልተቆጡት አይማርም።»

ሎሚውን «ሳሙና» አሉት። ካርቶኑን «ምሳህ ነው?» ሳቁ እንዴ? ሳቁ!

«አንተ ቀልማዳ፣ መጽሐፉን አምጣው።»

የካቲት 9
በየቀኑ ስኒ ተሸክሜ ተመላለስኩ። ዛሬ ከአምስቱ አራቱን ለዩ። እኔም ውስኪ እንዴት እንደሚነጠር ሳልንተባተብ ተናገርኩ። ፈተናው ነገ ነው። እሱ ይፍራኝ!

የካቲት 10
ሃምሳ ጥያቄ። ወረቀት ብቻ! ብርጭቆ የለ፣ ባልዲ የለ። ስንወጣ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ መቅመስ የለውም እንዴ?»

«አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ተናግራለች። አንተ መዋጥ ተከለከልኩ ብለህ ስታለቃቅስ አለፈህ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ስኒ ያሸከሙኝ?!»

«ይቅርብኝ ያልኩት አፍሬ ነበር። ከዚያ ሎሚ ይዘህ መጣህ... ደስ አለኝ። መምጣትህ እንዳይቀርብኝ ዝም አልኩ።»

በእኔ ተቀለደ! በእኔ!

የካቲት 28
አለፍን! እሳቸው በማዕረግ፣ እኔ በጠባቡ በር ተጎንብሼ። ዛሬ ምሳ ላይ ጋሼ ጥቁር ሽርጥ ታጥቀው የመጀመሪያ እንግዳቸው ፊት ቆሙ። ስለ ስድስት ወይን አብራሩ። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳምጣ «ውሃ ይሁንልኝ» አለች። ጋሼ ውሃውን ለንግሥት እንደሚቀዳ አድርገው ቀዱላት። የውሃውን ጠርሙስ ከእጃቸው ልቀበል ስሄድ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ይህን ሁሉ ቀለም የፈጀሁት ለምንድን ነው? ነገሩ ሲጠቃለል ኢምንት ነው፦ ሁለት አስተናጋጆች ሽርጥ ቀየርን።